የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች የራሳቸው አገር አቀፍ ማኅበር ይኑራቸው!

የተከበራችሁ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የመላው ምዕራብ ጎጃም ገጠር መራጮች፤

በምርጫ ሰሞን የተስፋ ቃል አይጠፋም። መንገድ ይሠራላችኋል፣ ውሃ ይገባላችኋል፣ ማዳበሪያ በጊዜው ይደርሳችኋል የሚል ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እኛም ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ማዳበሪያ የምንለውን በሌሎቹ የማኒፌስቶአችን ክፍሎች አስቀምጠናል። በዚህኛው ክፍል የምናነሣው ጥያቄ ግን ከእነዚያ ሁሉ የሚቀድም ነው። መንገዱ በየት በኩል ይለፍ፣ ውሃው በየትኛው ጎጥ ይቆፈር፣ ማዳበሪያው ስንት ኩንታል ይምጣ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ወሳኙ ሲያጠፋስ የሚጠይቀው ማን ነው?

መልሱን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በወረቀት ላይ የሚወስነው የወረዳውና የቀበሌው ምክር ቤት ነው። በተግባር ግን ውሳኔው ከላይ ተጽፎ ይወርዳል፤ ምክር ቤቱ እጅ ያወጣል፤ ቃለ ጉባዔው ይፈረማል፤ ገበሬው መዋጮውን ይከፍላል። ፓርቲያችን ይህ እንዲለወጥ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው፣ በነፃ ምርጫ የተመረጡ የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ናቸው። ሁለተኛው፣ እነዚህ ምክር ቤቶች ከመላ አገሪቱ ተሰባስበው በራሳቸው አንደበት የሚናገሩበት፣ ከማናቸውም ፓርቲ ነፃ የሆነና በሕግ የታወቀ አገር አቀፍ ማኅበር ነው። የመጀመሪያውን ብዙዎች ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ግን በምርጫ መድረክ ላይ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህም ምን እንደሆነና ለምን እንደሚያስፈልግ በዝርዝር ማስረዳት ግዴታችን ነው።

1. ሕጉ ምን ይላል? ሥራው ምን ሆነ?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ክልሎች በሚያስፈልጓቸው የአስተዳደር እርከኖች እንዲዋቀሩ፣ ሕዝቡም በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛዎቹ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 88 ደግሞ መንግሥት በየደረጃው የሕዝቡን ራስን በራስ ማስተዳደር እንዲደግፍ ያዛል። የአማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. ያሻሻለው ሕገ መንግሥትም የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን ሥልጣን ዘርዝሮ ይዟል። በዚያው ሰሞን በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች «ሥልጣን ወደ ወረዳ ወረደ» ተባለ፤ ጥቅል በጀትም በቀጥታ ለወረዳ መሰጠት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ የተገኘ ጥቅም የለም አንልም። ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ተስፋፍቷል። መምህሩና የጤና ሠራተኛው ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከወረዳ ነው። የምንለው ሌላ ነው። ወረዳው የተሰጠው ገንዘብ አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል ነው። ከደመወዝ የሚተርፈው ለሥራ ማስኬጃ እንኳን አይበቃም። በሌላ በኩል ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሥራ በየዓመቱ ይወርዳል፤ ሥራው ሲወርድ ገንዘቡ አብሮ አይወርድም። ጉድለቱን የሚሞላው የገበሬው መዋጮና የገበሬው የነፃ ጉልበት ነው። ይህን ያህል ሸክም የተጫነበት ወረዳ «ይህ አይሆንም፣ ገንዘቡን አምጡ» ብሎ የሚናገርበት መድረክ ግን አልተሰጠውም።

የዞኑም ነገር እንዲሁ ነው። በፍኖተ ሰላም የተቀመጠው የምዕራብ ጎጃም ዞን አስተዳደር እናንተ የመረጣችሁት ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ነው። ጎረቤታችን የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር እንጅባራ ላይ የራሱ ምክር ቤት አለው። አዊዎች ይህን መብት በማግኘታቸው ደስ ይለናል። የጃቢ ጠህናን፣ የቡሬ ዙሪያ፣ የወምበርማ፣ የሰከላ፣ የቋሪት፣ የደጋ ዳሞትና የደምበጫ ሕዝብ ግን በወረዳውና በባሕር ዳር መካከል የተመረጠ ሰው የለውም። ያለው ተሿሚ ነው። ተሿሚ ደግሞ ዓይኑ ወደ ሿሚው ነው።

2. ጊዜው ያለፈበት ምክር ቤት

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ከመካሄዱ በፊት የቀበሌ ምክር ቤቶች መቀመጫ እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ። ተሳትፎን ለማስፋት ነው ተባለ። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። እያንዳንዱን ቀበሌ ለመወዳደር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕጩዎች የሚያስፈልጉት ተቃዋሚ ፓርቲ ከመነሻው ከሜዳ ወጣ፤ በየጎጡ መዋቅር ያለው ኢሕአዴግ ብቻውን ሮጦ ብቻውን አሸነፈ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. 33 ፓርቲዎች የምርጫው ሜዳ አልተስተካከለም ብለው ከአካባቢ ምርጫው ራሳቸውን አገለሉ። በአገሪቱ ካሉት ወደ 3.6 ሚሊዮን ከሚጠጉ የአካባቢ ምክር ቤት መቀመጫዎች ገዢው ግንባርና አጋሮቹ በጣት ከሚቆጠሩት በስተቀር ሁሉንም ወሰዱ።

የእነዚያ ምክር ቤቶች ዘመን አምስት ዓመት ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. አበቃ። በዚያው ዓመት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአካባቢ ምርጫውን አራዘመ። በተከታዩም ዓመት ተራዘመ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ተመሠረተ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አገር አቀፍ ምርጫ ሲካሄድ አዲስ አበባ የከተማ ምክር ቤቷን መረጠች፤ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ግን አልተካሄደም። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ አንድም የአካባቢ ምርጫ አልተደረገም። በዚያ ዓመት የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜው ደርሷል። የቀበሌውን ምክር ቤት ግን ማን እንደመረጠው አያውቅም፤ ያኔ የመረጡትም ሰዎች ዛሬ እነማን እንደተቀመጡበት አያውቁም።

አንድ እድር ዳኛውን በየጊዜው ይመርጣል። የመስኖ ተጠቃሚው የውሃ አባቱን ሰብስቦ ይሾማል፤ ሲያዳላ ያወርደዋል። የጎጃም ገበሬ ምርጫ አያውቅም የሚል ሰው የጎጃምን ገበሬ አያውቅም። ምርጫ የተከለከለው እድሩና መስኖው ላይ አይደለም፤ መሬቱን፣ በጀቱንና ልጆቹን የሚነካው ምክር ቤት ላይ ነው።

3. ብቻውን የሚለምን ወረዳ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ነፃ ምርጫ ተካሂዶ መልካም ምክር ቤት ተመሠረተ እንበል። የቡሬ ዙሪያ ወረዳ ምክር ቤት ሐቀኛ፣ ደፋር፣ ለመራጩ የሚታመን ሰው ሞላው እንበል። ይህ ምክር ቤት ብቻውን ምን ማድረግ ይችላል?

ማዳበሪያን እንውሰድ። ፍላጎቱ ከቀበሌ ተሰብስቦ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌዴራል ይሄዳል። ግዢውን የሚፈጽመው አዲስ አበባ ያለ የመንግሥት ድርጅት ነው። የተፈቀደው መጠን በዚያው መሰላል ተመልሶ ይወርዳል፤ በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር በኩል ገበሬው ዘንድ ይደርሳል። በ2015 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ ማዳበሪያው አልደረሰም። የአማራ ክልል ገበሬዎች የዘር ጊዜ እያለፈባቸው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ሰልፍ ወጡ። እስቲ ልብ በሉ፤ የወረዳ ምክር ቤት ያለው ገበሬ ከእርሻው ተነሥቶ ለምን ባሕር ዳር ድረስ ይሄዳል? ምክር ቤቱ ስለ እርሱ መናገር ስላልቻለ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ በየበሩ ብቻውን ይለምናል። ብቻውን የሚለምን ደግሞ ተራውን ይጠብቃል፤ ካኮረፉበትም ተራውን ያጣል።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። በሰከላ፣ በቋሪትና በደጋ ዳሞት ደጋማ ቦታዎች አፈሩ አሲዳማ እየሆነ ምርቱ እየቀነሰ ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ይኸው ችግር በወለጋ ደጋማ ወረዳዎች አለ፤ በጋሞ ደጋም አለ። የሰከላ ገበሬና የወለጋ ገበሬ የሚቸገሩት በአንድ ዓይነት አፈር ነው። የቡሬ በርበሬ አምራችና የማረቆ በርበሬ አምራች በአንድ ዓይነት ደላላ ይጎዳሉ። የወረዳ ምክር ቤቶቻቸው ግን ተገናኝተው አያውቁም። የሚያገናኛቸው መድረክ ቢኖር ኖሮ የኖራው ጉዳይ የአንድ ወረዳ ልመና መሆኑ ቀርቶ በሦስት ክልሎች ያሉ ወረዳዎች በአንድ ድምፅ የሚያቀርቡት የበጀት ጥያቄ ይሆን ነበር። ከዚህም በላይ፣ የጎጃም ገበሬና የወለጋ ገበሬ አባይን ተሻግረው በጋራ ጉዳይ መምከራቸው ለዚህች አገር ሰላም የሚሰጠውን ጥቅም ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ለጭነት መኪና ብቻ የተሠራ አይደለም።

ሦስተኛው መሬት ነው። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ፋብሪካ መምጣቱን አንቃወምም፤ የበቆሎና የቅባት እህል አምራች አካባቢ ምርቱን በቅርቡ የሚያቀነባብርለት ቢያገኝ ይጠቀማል። ይሁን እንጂ ለእንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲባል ገበሬ ከይዞታው ሲነሣ ካሣው በምን ይተመን፣ ሥራው ለማን ይሰጥ፣ ግብሩ ለየትኛው ካዝና ይግባ የሚለውን የሚደራደረው ማን ነው? በአንድ ወገን የፌዴራልና የክልል መንግሥት ባለሙያ፣ ጠበቃና መሐንዲስ አሰልፈው ይመጣሉ። በሌላው ወገን አንድ ወረዳ ወይም አንዲት ከተማ ያለ ጠበቃ ይቀመጣሉ። በሌሎች ክልሎች ተመሳሳይ ፓርክ የተሠራባቸው አካባቢዎች ምን እንደተደራደሩ፣ ምን እንዳገኙ፣ በምን እንደተጎዱ የሚነግራቸው የለም። ማኅበር ቢኖር የአንዱ ልምድ ለሌላው ትምህርት ይሆን ነበር፤ የሕግ ባለሙያም በጋራ ይቀጠር ነበር። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው።

4. ፎረም ድምፅ አይደለም

«የከተሞች ማኅበርና የከተሞች ፎረም አለ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ አለ። በ2009 ዓ.ም. በጎንደር፣ በ2011 ዓ.ም. በጅግጅጋ የኢትዮጵያ ከተሞች ፎረም ተካሂዷል። ከተሞች ድንኳን ጥለው ሥራቸውን ያሳያሉ፤ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፤ ዋንጫና የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሚኒስቴሩ የሚጠራው በዓል የከንቲባዎች የመደራደሪያ ጠረጴዛ ሊሆን አይችልም። ተጋባዥ ጋባዡን አይሞግትም።

ደግሞም ይህ ሁሉ የከተማ ነገር ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ የሚኖረው በገጠር ወረዳና ቀበሌ ነው። ለፍኖተ ሰላም ከተማ የተከፈተ ድንኳን ከከተማዋ ዳር ለሚጀምረው ለጃቢ ጠህናን ገበሬ በር የለውም። ከተማዋና ዙሪያዋ ግን አንድ ገበያ፣ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ መንገድ ነው የሚጋሩት። እኛ የምንጠይቀው ማኅበር ከተማውንና ገጠሩን በአንድ ጉባዔ የሚያስቀምጥ ነው።

5. ታሪካችን የሚያስተምረን

ይህ ጥያቄ ዛሬ የተወለደ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በትእዛዝ ቁጥር 43 የአውራጃ የአካባቢ ራስ ገዝ አስተዳደር እንዲቋቋም አወጀ። ምክር ቤት ይመረጣል፣ ከግብሩ የተወሰነው በአውራጃው ይቀራል ተባለ። ገንዘቡን የሚፈቅደው ሕግ ግን ፓርላማ ላይ ተሰናክሎ ቀረ፤ ሥልጣኑም ያለ ገንዘብ ወረቀት ላይ ሞተ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ሲጣል የጎጃም ገበሬ «ርስቴን ሊለኩ ነው» ብሎ ተነሣ። አቤቱታውን የሚያቀርብለት፣ መንግሥትም ዓላማውን የሚያስረዳበት የተመረጠ ሸንጎ በመሐል አልነበረም። የነበሩት ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴና ጭቃ ሹሞቹ ነበሩ። መንግሥት ጦር ላከ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ገዢው ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፍ ግብሩን ማሩ። ገበሬው የጠየቀው ከብዙ ሞት በኋላ ተሰጠው። ቀድሞ የሚሰማው ሸንጎ ቢኖር ይህ ሁሉ ሰው ባልሞተ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ታወጀ፤ የገበሬ ማኅበርና ቀበሌ ተቋቋመ። ገበሬው መሬት አገኘ። ማኅበሩ ግን ብዙም ሳይቆይ የኮታ ሰብሳቢና የወታደር መልማይ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. ኢሕአዴግ በክልላችን መሬት ሲደለድል የቀበሌ ኮሚቴዎች «ቢሮክራት»ና «ፊውዳል» የሚል ስም እየለጠፉ የሰውን መሬት ወደ አራት ጥማድ ዝቅ አደረጉት። ከጎጃም ተነሥተው አዲስ አበባ ድረስ አቤት ያሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ። ሰሚ አላገኙም።

የሦስቱም ሥርዓት ስህተት አንድ ነው። ቀበሌ የመንግሥት እጅ ሆኖ ወደ ገበሬው ተዘረጋ፤ የገበሬው አንደበት ሆኖ ወደ መንግሥት አልተላከም።

ያው ስህተት ዛሬም ዋጋ እያስከፈለን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ የተዘጋው ትምህርት ቤት፣ የታገተው መንገደኛ፣ የተቀበረው ወጣት ስንት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። የጦርነቱ መንሥኤ ብዙ ነው፤ በአንድ ማኅበር ይፈታል ብለን አንቀልድባችሁም። የምንለው ይህ ነው፤ ሕዝብ ያመነው ምክር ቤት ባለበት ቅሬታ መጀመሪያ ወደ ስብሰባ ይሄዳል። ምክር ቤት በሌለበት ቅሬታ ወደ ጫካ ይሄዳል። ጎጃም ይህን ሁለት ጊዜ አይቷል።

6. ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

የምንጠይቀው በዓለም ያልታየ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ የትንንሽ አጥቢያና የከተማ ምክር ቤቶች አገር አቀፍ ማኅበር ከተቋቋመ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ነው። ከኛ ቀበሌ የማይበልጡ ምክር ቤቶች በዚህ ማኅበር በኩል ፓርላማውን ይሞግታሉ። በኡጋንዳ የአካባቢ መንግሥታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ተመሥርቷል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከዚህም አልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕገ መንግሥቷ የአካባቢ መንግሥታት ማኅበር በሕግ እንዲታወቅ ያዛል፤ ማኅበሩ በክልሎች ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ ባይኖራቸውም የሚናገሩ እስከ አሥር ወኪሎችን ይልካል፤ በጀት ለማከፋፈል ምክር በሚሰጠው ኮሚሽንም የአካባቢ መንግሥታት ሰዎች ይቀመጣሉ።

መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት እንኳን እ.ኤ.አ. በ2014 በማላቦ ጉባዔው ስለ ያልተማከለ አስተዳደርና ስለ አካባቢ አስተዳደር መርሖዎች ቻርተር አጽድቋል። የአፍሪካ ዋና ከተማ ነን የምንል ሰዎች የራሳችን የገጠር ወረዳዎች የሚሰባሰቡበት ጉባዔ የሌለን መሆኑ ያሳዝናል።

7. ለሚቀርቡብን ተቃውሞዎች መልሳችን

«ወረዳዎቹ በፓርቲ መዋቅር ተያይዘዋል፤ ሌላ ማኅበር ለምን?» ይሉናል። ችግሩ ራሱ ይኸው ነው። በፓርቲ መስመር የተያያዘ ወረዳ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ጥያቄ አይልክም። ለፓርቲው የማይመች እውነት በመሰላሉ ላይ ሲወጣ በየደረጃው እየለሰለሰ፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ሪፖርት ሆኖ ያርፋል። «ማዳበሪያ ጠፋ» የሚለው ጩኸት «መጠነኛ የአቅርቦት መዘግየት ታይቷል» ሆኖ ይነበባል።

«የአካባቢ አስተዳደር የክልል ሥልጣን ነው፤ አገር አቀፍ ማኅበር የፌዴራል ሥርዓቱን ይጥሳል» የሚሉም አሉ። አይጥስም። ማኅበሩ የመንግሥት እርከን አይደለም። አያዝም፣ አይሾምም፣ ግብር አይሰበስብም። ይመክራል፣ ይደራደራል፣ ያስተምራል፣ ይሞግታል። የፌዴራሉ አዋጅ የሚያደርገው ማኅበሩን ማወቅና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንዲያማክሩት ማስገደድ ብቻ ነው። በክልል ደረጃ የሚኖረው ቅርንጫፍ በክልሉ ሕግ ይቋቋማል።

«በጀት የሚበላ ሌላ ቢሮ ነው» ይባላል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ስብሰባና አበል ያደከመው ሕዝብ ነንና። ለዚህም ነው የማኅበሩ ገንዘብ ከአባል ምክር ቤቶች አነስተኛ መዋጮ እንዲሆን፣ ሒሳቡም በየዓመቱ ተመርምሮ በየወረዳው ለሕዝብ እንዲነበብ የምንጠይቀው። ለአንድ ጊዜ የከተሞች በዓል የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት የሕግና የበጀት ባለሙያዎች ያሉትን ጽሕፈት ቤት ለማቆም ያንሳል ብለን አናምንም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከወዳጆቻችን የሚመጣ ነው። «ያልተመረጡ ምክር ቤቶች ቢሰባሰቡ የካድሬ ማኅበር ነው የሚሆነው» ይሉናል። እውነት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በግልጽ አስቀምጠናል። አዋጁ መጀመሪያ ይወጣል፤ አባልነት ግን በነፃ ምርጫ ለተመረጡ ምክር ቤቶች ብቻ ይሆናል። ዘመኑ ያለቀበት ምክር ቤት ደጁ ላይ ይቆማል። ይህ ሕግ ራሱ ምርጫውን የሚያፋጥን ይሆናል፤ የጎረቤት ወረዳ ሲደራደር የራሱ ወረዳ ደጅ የቀረበት ሕዝብ «ምርጫችን የታለ?» ማለቱ አይቀርምና።

«መጀመሪያ ሰላም ይምጣ» ለሚሉን ደግሞ፣ ሰላም ከምክር ቤት ቀድሞ አይመጣም እንላለን። የተኩስ ድምፅ በቆመበት ወረዳ ሁሉ የመጀመሪያው ሥራ ምርጫ መሆን አለበት። ተኩስ ለማቆም የሚደረግ ድርድርም የአካባቢ ምርጫን ቀን ቆርጦ መያዝ አለበት።

8. ስንመረጥ የምንሠራው

ፓርቲያችን የእናንተን ድምፅ ሲያገኝ የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል ይገባል፤

ሀ) ለረጅም ዓመታት የተራዘመው የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በተወሰነ ቀን እንዲካሄድ በፓርላማ እንጠይቃለን። ሰላም ባልሰፈነባቸው አካባቢዎች ምርጫው በአካባቢው ሽማግሌዎች፣ በሃይማኖት አባቶችና በገለልተኛ ታዛቢዎች ፊት ሁኔታው እንደፈቀደ ይደረጋል።

ለ) የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ ቁጥር ተቀንሶ ማንኛውም ፓርቲና የግል ተወዳዳሪ ሊወዳደርበት በሚችለው መጠን እንዲሆን ሕጉን እናሻሽላለን።

ሐ) አገር አቀፍ የአካባቢ ምክር ቤቶች ማኅበር የሚታወቅበት አዋጅ እናቀርባለን። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለዜጎች ማኅበራት የወጣ ስለሆነ፣ የሕዝብ ምክር ቤቶች የራሳቸው ሕግ ያስፈልጋቸዋል።

መ) በማኅበሩ ጉባዔ ገጠር ወረዳዎች ከከተሞች ያላነሰ መቀመጫ ይኖራቸዋል። ሴቶች ተመራጮች በአመራሩ ቦታ ይያዝላቸዋል። የማናቸውም ፓርቲ የአመራር አባል የማኅበሩ ኃላፊ መሆን አይችልም፤ የእኛም ፓርቲ ጭምር።

ሠ) የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች፣ ክልሎችም ለወረዳዎች በጀት የሚያከፋፍሉበት ቀመር ከመጽደቁ በፊት ማኅበሩ አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ አስተያየቱም በምክር ቤት ፊት እንዲነበብ በሕግ እንዲደነገግ እናደርጋለን።

ረ) ያለ በጀት የሚወርድ ሥራ በሕግ ይከለከላል። አንድ መሥሪያ ቤት ለወረዳ አዲስ ተግባር ሲሰጥ የገንዘቡን ምንጭ አብሮ ያሳያል።

ሰ) የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የኖራ ፍላጎትና ድልድል ዝርዝር በየወረዳው ለሕዝብ በግልጽ ይለጠፋል፤ ማኅበሩም ከግዢው አስቀድሞ ይመከርበታል።

ሸ) ወረዳ ሲከፈል ወይም ሲጠቃለል፣ ዞንም ሲከፈል የሚመለከታቸው ምክር ቤቶች ሳይሰሙ ውሳኔ አይሰጥም። እንደ ምዕራብ ጎጃም ያሉ ዞኖችም የተመረጠ ምክር ቤት እንዲኖራቸው የክልሉ ሕገ መንግሥት እንዲሻሻል እንታገላለን።

የተከበራችሁ መራጮች፤

ሥልጣን ላይ ብንወጣ ይህ ማኅበር እኛንም ይሞግተናል። የቡሬ ተመራጭ ተነሥቶ «ቃላችሁን አጥፋችኋል» ይለናል። ያን ጊዜ እንደ ቀደሙት ጆሯችንን እንዳንደፍን፣ ዛሬ በተቃዋሚነታችን ጊዜ በጽሑፍ እንፈርማለን። ወረቀቱን አስቀምጡት። ከአምስት ዓመት በኋላ በእጃችሁ ይዛችሁ ጠይቁን።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። በአገሪቱ ያሉ ወረዳዎች እያንዳንዳቸው ቀጭን ክር ናቸው፤ ማንም ይበጥሳቸዋል። ሲያብሩ ግን በአዲስ አበባ ላለው ለማናቸውም መንግሥት፣ የእኛም ቢሆን፣ ገደብ ይሆናሉ። የምትመርጡት የወረዳ ምክር ቤት ከእንግዲህ ብቻውን ደጅ እንዳይጠና ድምፃችሁን ስጡን።

የቀበሌ ሥልጣን ለቀበሌው ሕዝብ!
የወረዳዎች ድምፅ በአገር ጉባዔ ይሰማ!
ድል ለሕዝብ!